የመሪጌታ ዕንባቆም ቤት ምድጃዎች

ማርያማዊት ለሦስተኛ ጊዜ ስትጠራኝ «ምነው፣ እናንተ ቤት ምድጃ አይበረክትም እንዴ?» ብዬ ሳቅሁባት። እሷ አልሳቀችም።

«እትዬ ታየች፣ ዛሬ ደግሞ ጋዙ ነው። ይሸታል። ቶሎ ይድረሱልኝ።»

ሱቄ ፒያሳ ነው፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ። ባሌ ላቀው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ምድጃ ሲጠግን አጠገቡ ተቀምጬ ካቻቢቴና ፒንሳ ሳቀብለው ነው ሥራውን የለመድሁት። ሲሞት ሰው ሁሉ ሱቁን ታከራየዋለች ብሎ ጠበቀ። አላከራየሁም። ፊደል እቆጥራለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ትምህርት የለኝም፤ ሥራው ግን እንጀራ ሆኖኛል።

ማርያማዊት ባንክ ነው የምትሠራ። ቀሐ ሰፈር ከአባቷ ከመሪጌታ ዕንባቆም ጋር ብቻቸውን ይኖራሉ። የኔታ አምባ ጊዮርጊስ ዜማ ሲያስተምሩ ነው ያረጁት። ሚስታቸው ስትሞት ልጃቸው ወደ ከተማ አመጣቻቸው። ዓይናቸው ደክሟል። መጥተው ብዙም ሳይቆዩ «ወደ ደብሬ» ብለው ወጡና ወንዝ ዳር ወድቀው ተገኙ። ከዚያ ወዲህ ማርያማዊት ሥራ ስትሄድ የግቢውን በር በጓጉንቸር ከውጭ ትቆልፋለች። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። «ምን ታድርግ?» ይላል ሰው። እኔም እንደዚያው እል ነበር።

መጀመሪያ የተበላሸው የኤሌክትሪክ ምድጃው ነው፣ ከጥምቀት በኋላ። ሽቦው ከተያያዘበት ተነቅሎ ነበር። መልሼ አሰርሁት። ቀጥሎ ኢንዳክሽን የሚሉት፣ ድስት ካልተጣደበት የማይሞቀው፣ ሆዱ ውስጥ ውኃ ገብቶ ቦርዱ ተቃጥሎ አገኘሁት። ወጥ ቢገነፍል ከላይ ነው የሚፈስ፤ እዚያ ድረስ የሚገባ ውኃ ምድጃውን ገልብጠው በማራገቢያው በኩል ካላፈሰሱት አይገባም። ስታጥበው ይሆናል ብዬ አለፍሁት። ሁለቱንም ጊዜ በሩ ሲከፈትልኝ የኔታ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ መቋሚያቸውን ይዘው፣ በሩ ሥር ቆመው ነበር። እንግዳ ሊቀበሉ ነው ብዬ ጉልበታቸውን ስሜ ገባሁ።

አሁን ጋዙን ሳየው ጎማው ተሰንጥቋል፤ የሲሊንደሩ መዝጊያም አንድ ጉልበተኛ የጠመዘዘው ይመስላል። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ስለጠፋ እሳት የሚጭር ነገር የለም፣ እሱ ደግ ነው።

«ሂጂና ጎማና ሬጉሌተር ግዢ» አልኋት። «እኔ እስከዚያው እፈታዋለሁ።»

ወጣች። የብረቱ በር ቋ ሲል ሰማሁ፤ ልብ አላልሁትም።

ጎማውን ከሲሊንደሩ የሚያያይዘውን ሬጉሌተር ስነቅለው ጋዙ ፉጨቱን ለቀቀው። መዝጊያው ይይዛል ብዬ ነበር፤ ጥርሱ አልቆ ኖሮ ይዞራል እንጂ አይዘጋም። ጋዝ እንደ ጭስ ወደ ላይ አይወጣም። እንደ ውኃ መሬት ለመሬት ነው የሚተኛ፤ መስኮት ቢከፍቱለት አይሄድም። ሲሊንደሩን አቅፌ ወደ ግቢው ጎትቼ አወጣሁና እርጥብ ጆንያ አለበስሁት። ግቢው ግን ጠባብ ነው፣ ግንቡ ረጅም፣ ጫፉ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ተተክሎበታል። ከግቢው ውጭ ወዳለው ሜዳ ላውጣው ብዬ በሩን ስገፋው ንቅንቅ አላለም።

ቆልፋብኛለች። ክፉ አስባ አይደለም፣ እጇ ነው የለመደ። ስልኬን ይዤ ከሲሊንደሩ ራቅሁና ደወልሁ። ስልኳ መኝታ ቤቷ ውስጥ ጮኸ። የሌላ የሰፈር ሰው ቁጥር የለኝም።

በሩን መደብደብ ያዝሁ። «ኧረ ክፈቱልኝ! ሰው የለም?»

ሰውማ አለ።

«የኔታ ዛሬም ጀመሩ» አለች አንዲት ሴት።

«ዛሬስ ድምፃቸው ቀጠነ!» አለ ባጃጅ ነጂ። ተሳሳቁ።

«እኔ ነኝ! ታየች ነኝ! ጋዝ ነው!» ብዬ ጮኽሁ። ባጃጁ ተነሥቶ ድምፄን ዋጠው።

«አይከፍቱም» አሉ የኔታ ከኋላዬ። የግንቡ ጥላ ሥር በርጩማቸው ላይ ተቀምጠዋል። «እኔም መጀመሪያ ላይ ስሜን እነግራቸው ነበር።»

ዞር ስል በአንድ እጃቸው ጧፍ፣ በአንድ እጃቸው ክብሪት ይዘዋል።

«የኔታ፣ ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ስድስት ሰዓት ደረሰ። ጸሎት አለብኝ።»

«በጊዮርጊስ ይዤዎታለሁ፣ ክብሪቱን ይስጡኝ። ግቢው ጋዝ ብቻ ነው። ቢጭሩት ሁለታችንም አመድ ነን።»

«በሩን ክፈችልኝና እሰጥሻለሁ።»

«ተቆልፎብኛል እኮ!»

«እንኳን ደህና መጣሽ» አሉኝ።

እኔ በር ሲዘጋብኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ግንቡ የቀረበኝ መሰለኝ። ሰማዩ ከላይ እንደ ምጣድ ክዳን ተደፍቷል። ፉጨቱ አያቋርጥም፣ ውጭ ሰው ይስቃል፣ ያልፋል። በሩን እንደገና ደበደብሁት፤ እጄ አበጠ እንጂ ማንም አልመጣ።

«ተይ፣ ድምፅሽን አትጨርሺ» አሉ የኔታ። «ካለቀ ወዲያ አይመለስልሽም።»

«ይህን መዝጊያ እርስዎ ነዎት የጠመዘዙት?»

ክብሪቱን በጣታቸው ማገላበጥ ያዙ።

«ያንን ሽቦስ? ያንን ውኃስ?»

«ምድጃ ባይበላሽ ይህ በር ለማን ይከፈታል?» አሉ በእርጋታ። «ዘመድ አይመጣ፣ ተማሪ አይመጣ። አንቺ ትመጫለሽ። ሲከፈትልሽ ሹልክ ልል ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ጉልበቴን ስትስሚ ዕድሉን አሳለፍሽብኝ!»

በዚያ ፍርሃት መሐል ሳቄ መጣ። ወዲያው ጠፋ።

«ጋዝ ይገድላል፣ የኔታ።»

«የሚያዝያ ጊዮርጊስ ደርሷል። አምባ ጊዮርጊስ ማኅሌቱን የምመራ እኔ ነበርሁ። እዚህ ተቀምጬ ደወሉን ልሰማው? ደወሉስ ከዚያ እዚህ ይሰማል?»

በሩን ከላይ እስከ ታች ዳሰስሁት። ጓጉንቸሩ የተንጠለጠለበት መቀርቀሪያ በብሎን የታሰረ ነው፤ ብሎኑን የሚይዙት ዳዶዎች ወደ ውስጥ ዞረዋል፣ ዝገዋል። መዶሻ ብጠቀም እሳት ይፈናጠራል። ኩሽና ገብቼ የኑግ ዘይት አመጣሁ፣ ቀባኋቸው፣ በፒንሳ ያዝሁ። ፒንሳው ያንሸራትታል፣ መዳፌ ይላጣል። የኔታ አጠገቤ መጥተው ክብሪቱን ጨብጠው ቆሙ። የመጨረሻው ዳዶ እንቢ አለ። እኔም እንቢ አልሁ። ተፈታ።

በሩ ሲከፈት ክብሪቱን መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። ቃላቸውን ጠበቁ። ከዚያ መቋሚያቸውን እያስቀደሙ ወጡ። ሲሊንደሩን አቅፌ ነበርና ልይዛቸው አልቻልሁም። ሰው ወደሌለበት ሜዳ ወስጄ አቆምሁትና እየሮጥሁ ስመለስ ማርያማዊት ከባጃጅ ወርዳ ክንዳቸውን ይዛለች።

«ማነው የከፈተው? እትዬ ታየች፣ ባለፈው ወንዝ ዳር ወድቀው በደም ተነክረው ነው ያገኘኋቸው! ያውቃሉ አይደል?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ? ምድጃውስ ምን ሆኖ ነው?»

የኔታ አዩኝ። ደክሟል ያልሁት ዓይናቸው ያን ጊዜስ አየኝ። ብናገር ኩሽናውም ይቆለፍባቸዋል፤ ዝም ብል በሌላ ቀን ጧፉን ይለኩሱታል።

«ምድጃውን የሚሰብሩት አባትሽ ናቸው» አልሁ። «በሩ እንዲከፈት።»

«ማተብ የለሽም!» አሉኝ የኔታ።

ማርያማዊት ጎማውን እንደያዘች ቆመች። «እንግዲያው ኩሽናውንም እቆልፋለሁ። ምን ላድርግ? ሥራዬን ልተው?»

«ቆልፊ። እኔ ግን ለዚህ ቤት ምድጃ አልጠግንም፣ መቀርቀሪያውንም መልሼ አላስርም። ዛሬ እዚያ ውስጥ ጮኽሁ፤ ጎረቤቶችሽ የኔታ ናቸው ብለው ሳቁ።»

«የኔታ ናቸው ብለው?» አለች። ቀስ ብላ ወደ አባቷ ዞረች። «አባዬ፣ ይጮኻሉ እንዴ?»

የኔታ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ።

«እስከ ቀትር ብቻ» አሉ። «ከዚያ ይደክመኛል።»

ማርያማዊት ክንዳቸውን ለቀቀች። የኔታ ግን አልሄዱም። ከበሩ ውጭ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ እሷም የባንክ ልብሷን እንደለበሰች አጠገባቸው አፈሩ ላይ ተቀመጠች። እኔ ዕቃዬን ሰብስቤ ሄድሁ።

ለጊዮርጊስ ዋዜማ ሱቄ ደጃፍ ባጃጅ ቆመ። ማርያማዊት ናት፤ ፈቃድ ወስዳ ወደ አውቶቡስ ተራ እየሄደች ነው። የኔታ ከኋላ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው ተቀምጠዋል።

«የአምባ ጊዮርጊስ መንገድ ክፍት ነው አሉኝ» አለች። «ይዣቸው እመለሳለሁ። እምቢ ካሉ ግን እንጃ።»

ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ልስም ስል የኔታ በመቋሚያቸው ገፋ አደረጉኝ።

«ዞር በይ፣ አንቺ ማተብ የለሽ» አሉ። «ዛሬ ደግሞ አውቶቡስ ልታሳልፊብኝ ነው?»