የደነዘዘው ጉልበት

ሴትዮዋ ጉልበቷን ካኮረፈችው ሰንብታለች። ሲቆረጥማት ጆሮ ዳባ ልበስ፣ ሲያብጥባት በፋሻ ጠፍሮ ማሰር ነው። ምን ታድርግ፣ የውዝዋዜ ቡድኑ መሪ ናት። ትርኢቱ ሊከፈት ጥቂት ቀን ቀርቶታል፤ ከፊት የምትቆምበትን ቦታ የሚመኙ ደግሞ ከኋላዋ ሞልተዋል።

አሰልጣኙን ሲያሙት ጅራፍ ይሉታል። ሁልጊዜ ከልምምድ በፊት ጉልበቷ ላይ ማደንዘዣ ይረጭባታል። ወዲያው ጉልበቱ የሌላ ሰው ይሆንባታል፤ እሷም እንደ ልቧ ትዘላለች።

የቡድኑን ልብስ የምትሰፋው ታላቅ እህቷ ናት። ድሮ መሪ ነበረች፤ ዛሬ ደረጃ የምትወጣው ግድግዳ ይዛ ነው። ከተኮራረፉ ቆይተዋል። ታናሺቱ ቅናት ነው ትላለች።

አንድ ቀን ልምምድ አልቆ ቁጭ እንዳለች እህቷ መጣች፤ አጎንብሳ ከጉልበቷ ጎን ስፒል መዘዘች። ግማሹ ሥጋዋ ውስጥ ነበር። ደሙ ፋሻው ላይ ደርቋል።

"ረስተሽው ነው?"

"አልረሳሁትም። ቅድም ሱሪሽን ሳስተካክል ሰካሁብሽ።"

"አብደሻል?"

"ያበድሽስ አንቺ። ሰው ሲወጋ ይጮሃል እንጂ ይዘላል? እኔም ላይ እንዲሁ ሲረጭ ነው የኖረው።"

"ዓይንሽን ላፈር" ብላት ተነሥታ ሄደች።

በማግስቱ ጅራፍ ማደንዘዣውን እየናጠ ሲመጣ እግሯን ሰበሰበች።

"ዛሬ ይቅርብኝ ጋሼ።"

"ትርኢት ሲደርስ ቅብጠት ጀመረሽ?"

ሙዚቃው ተከፈተ። ገና ስትዘል ሕመሙ እስከ ጭኗ ነዘራት። ጥርሷን ነክሳ አዳመጠችው። ጉልበቷ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ያቃጥላታል፤ ወደ ውጭ ስታዞረው ይለቃታል። ዝላዩን አሳጠረች፤ ክብደቷን ወደ ግራ ጣለች። ከኋላ የሚከተሏት ግን ግራ ገብቷቸው ተጋጩ። አንዱ ተሳደበ።

ጅራፍ ሙዚቃውን ዘጋው።

"ይረጭልሽ ወይስ ከኋላ ትቆሚያለሽ?"

"ከኋላ እቆማለሁ።"

"ተመልሰሽ አትመጪም፤ እወቂው።"

"ገብቶኛል።"

ስታልፍ መንገድ የለቀቀላት የለም፤ በትከሻ እየገፏት እስከ መጨረሻው ረድፍ ሄደች። እህቷ እዚያው ጥግ ቆማለች።

"ሰደርያውን አውልቂ። የመሪ ነው፤ አዲሷ ትለካው።"

"ደስ ብሎሻል አይደል?"

"ደስ ብሎኛል።"

አውልቃ ወረወረችላት። ሙዚቃው እንደገና ሲከፈት ሌሎቹ ጣራ ሊነኩ ዘለሉ፤ እሷ ጉልበቷ የፈቀደላትን ያህል ብቻ ዘለለች።