አይዞሽ የሚሉ ድንጋዮች

ሳጅን ወታደርም ፖሊስም ሆና አታውቅም። ልብስ ሰፊ ናት። ስሙን ያወጣችላት እሷ እታለም የምትላት ታላቅ እህቷ ናት። ምክንያቱም ሳጅን ሰው አታምንም። ዝናብ ጣለ ሲሏት መስኮት ከፍታ እጇን ታወጣለች። ደንበኛ ወፈርኩ ካለቻትም ሜትሯን ይዛ ወገቧን ሳትለካ ቃሏን አትቀበልም።

የዚያን ቀን ጠዋት ከተሳላሚዎች ማረፊያ ቤት የወጣችው ብቻዋን ነበር። መንገዱ በእግር ሰባት ቀን ይፈጃል፤ እሷ ግን ቁርጭምጭሚቷ አብጦ አንድ ቀን ስላስተኛት ስምንተኛዋን ጀምራለች። ዛሬ ሳይመሽ መቅደሱ ትደርሳለች። እዚያ እስክትደርስ ደግሞ አንድ ነገር መቁረጥ አለባት፤ ከእታለም ጋር ሃያ ዓመት የሠሩበትን ስፌት ቤት ተካፍለው ይለያዩ ወይስ ይቀጥሉ? እውነቱን ለመናገር ወደ መለያየቱ ካደላች ቆይታለች።

እታለም ተለውጣለች። ማክሰኞ ማክሰኞ ክር ልገዛ ብላ ትወጣና ባዶ እጇን ትመለሳለች። ስልክ ሲደወልላት ውጭ ወጥታ ታወራለች። ሻሽ አስራ የማታውቀው ሴትዮ በየቀኑ ሻሽ ታማርጥ ጀመር። ሳጅን ይህን ሁሉ ገጣጠመችና ፍርዷን ሰጠች፦ እታለም የራሷን ቤት ልትከፍት ነው፤ ደህና ደህናዎቹን ደንበኞች ይዛ ልትሄድ ነው። «ልሳለም ልሄድ ነው፣ ብቻዬን» ስትላት «ሂጂ፣ ሂጂ እህቴ» ማለቷ ደግሞ አባሰው። ለምን አልተከራከረችም? ቤቱን ለብቻዋ ልታገኘው ነዋ!

አንድ ሰዓት ያህል እንደሄደች መንገድ ዳር ካለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ጽሑፍ አየች። «አይዞሽ» ይላል።

ሌላ ሰው ቢሆን እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ያልፍ ነበር። ሳጅን ቆመች። ለተሳላሚ ሁሉ የተጻፈ ቢሆን «አይዟችሁ» ይል ነበር። ለወንድ ቢሆን «አይዞህ»። ይህ ግን ለአንዲት ሴት የተጻፈ ነው፤ በዚህ መንገድ ላይ ደግሞ ከራሷ ሌላ ሴት አላየችም። በጣቷ ብትነካው የጠመኔ ብናኝ ጣቷ ላይ ቀረ። ትናንት አካፍቷል፤ ስለዚህ ዛሬ የተጻፈ ነው። ዞር ብላ ያለፈችውን መንገድ ቃኘች። አንድ ውሻ እንኳ የለም።

ትንሿ ድልድይ ጋ ስትደርስ ሲሚንቶው ላይ ሌላ አገኘች። «አይዞሽ፣ ትንሽ ነው የቀረሽ።»

«ስንት እንደቀረኝ ማን ነገረው?» አለች ሳጅን ጮክ ብላ። ከቦርሳዋ ትንሿን መቀስ አወጣችና በእጇ ጨበጠች። መቀሷ የክር መቁረጫ ናት፤ ከቁልፍ በላይ የምትነቅለው ነገር የለም፤ ቢሆንም ጨበጠቻት።

አቀበቱ ሲጀምር አንድ ሽማግሌ ቧንቧ እየጠበቁ ለመንገደኛ ውኃ ይቀዳሉ። ሳጅን መቀሷን ከቀሚሷ እጥፋት ውስጥ ሸሸገችና ጠየቀቻቸው።

«አባቴ፣ ከእኔ በፊት ያለፈ ወንድ አለ?»

«ወንድስ አላየሁም ልጄ። አንዲት ሴትዮ ናት ያለፈችው። እታች መገንጠያው ጋ ከአውቶቡስ ወርዳ ነው የመጣሁት አለችኝ።»

«ከአውቶቡስ!»

«ቁና ቁና እየተነፈሰች ነበር። ሦስቴ ተነስታ ሦስቴ ተቀመጠች። ደህና ነኝ ትላለች፤ እኔንስ ደህና አልመሰለችኝም።»

ሳጅን ከዚህ ሁሉ የሰማችው አውቶቡሱን ብቻ ነው። እሷ ስምንት ቀን ሙሉ እግሯ እስኪላጥ ስትሄድ፣ አንዷ ተሳፍራ መጥታ ተሳላሚ ነኝ ትላለች! እንዲህ እየተናደደች ከቧንቧው ጀርባ ያለውን ግንብ አየች፤ እዚያም «አይዞሽ» አለ። አሁን ጠጋ ብላ መረመረችው። ቀለሙ ሰማያዊ ነው። መስመሩ ምላጭ ያህል ቀጭን ነው። የትምህርት ቤት ጠመኔ እንዲህ አያሰምርም፤ ይህ ጠርዙ በመቀስ የተሳለ የስፌት ጠመኔ ነው። የ«ሽ» ቆብ ደግሞ ከእግሮቿ ተላቅቆ ለብቻው ወደ ላይ ተሰቅሏል። ይህችን ሽ ሃያ ዓመት ሙሉ በልኬት ደብተራቸው ላይ አይታታለች።

እታለም ናት!

ፍርሃቷ ጥሏት ሄደ፤ በቦታው ንዴት ገባ። ልለያት እንዳሰብኩ ነቅታብኛለች ማለት ነው። ያደርኩበት ሁሉ እየደወለች ስትሰልለኝ ነበር። እንደዘገየሁም አውቃ፣ ቀድማኝ በየድንጋዩ ልታባብለኝ! ሳጅን በታመመ ቁርጭምጭሚቷ አቀበቱን ተያያዘችው። የምትናገረውንም እየሄደች ሰፋችው፦ ትልቁ ማሽን ያንቺ፣ መቁረጫው ጠረጴዛ የእኔ፣ መስታወቱን እንደ ፍጥርጥርሽ።

ወደ ላይ በወጣች ቁጥር ጽሑፎቹ ተቀራረቡ። መጀመሪያ በየግማሽ ሰዓቱ ነበሩ፤ አሁን በየሃምሳ እርምጃው ሆኑ። ፊደሎቹም ተንጋደዱ፤ አንዳንዱ «አይዞ» ብሎ ቀርቷል። ሳጅን ይህንንም ተንኮል አደረገችው። አንጀቴን ልትበላው እኮ ነው አለች።

ከመታጠፊያው አለፍ ብሎ እታለም መንገድ ዳር ተቀምጣለች። ጫማዋን አውልቃለች፤ ጠመኔዋ በእጇ ነው። ሙቀቱ ስለጸናባት ሻሿንም ፈታ ጉልበቷ ላይ አድርጋዋለች። ራሷ ላይ አንዲት ፀጉር የለችም።

ሳጅን የሰፋችው ንግግር ሁሉ ተተረተረ።

እታለም ቀና ስትል ክው አለች። ሻሿን ለማሰር ሞከረችና እጇ አልታዘዝ ሲላት ተወችው። «ሳጅን? አንቺ ትናንት ደርሰሽ አልተመለስሽም እንዴ?»

«እንደዘገየሁ አታውቂም ነበር?»

«በምን አውቄ? አንቺ ከመቅደሱ ከወጣሽ በኋላ ሳታዪኝ ደርሼ ልመለስ ብዬ እኮ ነው።»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ አይዞሽ ለማን ነው?»

እታለም ጠመኔዋን አየችና አፈረች። «ለራሴ ነዋ። ጥቂት እሄድና ይደክመኛል፤ እጽፈዋለሁ፤ አነበውና እነሳለሁ። ለሰው አልተናገርኩ፣ ማን ይበለኝ?»

ሳጅን አጠገቧ ዘፍ አለች። ያን ሁሉ ቃል ለእሷ የተጻፈ አድርጋ ስታነብ መዋሏ አንገበገባት። «ማክሰኞ ማክሰኞ...» አለች።

«መድኃኒቱ የሚሰጠኝ ማክሰኞ ነው። አምስት ወር ሆነኝ።»

«እኔ ምንሽ ነኝ? ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንቺማ ሐኪሙን ራሱን ትመረምሪው ነበር» አለች እታለም፤ ትንሽ ሳቅ አምልጧት። ወዲያው ግን ሳቁ ጠፋ። «ፊትሽ ጠቁሮብኝ ነበር እህቴ። በዚህ ላይ በሽታ ልጨምርልሽ?»

 የሳጅን መቀስ አሁንም እጇ ውስጥ ነበረች፤ ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠቻት።

«አንቺስ» አለች እታለም፣ «ምን ልትለምኚ ነው የመጣሽው?»

ውሸት ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ጤና ማለት ይቻላል፤ ሰላም ማለት ይቻላል። ሳጅን ግን በሕይወቷ ሁሉ ሰውን እውነቱን አውጣ ስትል የኖረች ናት፤ ዛሬ ተራው የእሷ ሆነ።

«ካንቺ ልለይ» አለች፣ አንገቷን ደፍታ። «ልለይ ወይስ ልተው የሚለውን ልቆርጥ ነው የመጣሁት።»

 እታለም የሳጅንን እጅ ሳበችና ጉልበቷ ላይ፣ ሻሹ ላይ አኖረችው።

«እኔ ደግሞ» አለች፣ «ካንቺ አትለየኝ ብዬ ልለምነው ነው የመጣሁት።»