የይግባኝ ጾም

"ያዙልኝ! ኧረ በእመቤቴ ያዙልኝ!"

ጎረቤቲቱ ዲንቄ የግቢው በር ሥር ባልዲዋን ጥላ ትጮኻለች። የቀሚሷ ጫፍ በይግባኝ ጥርስ ውስጥ ገብቷል፤ እሷ ወደ በሩ ትጎትታለች፣ ውሻው ወደ ሰንሰለቱ ይጎትታል። አቶ ዓባይነህ ግማሽ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ግማሹ ሳሙና እንደሆነ፣ በነጠላ ጫማ ሮጠው ደረሱ። ሰንሰለቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳቡ። ቀሚሱ ተቀደደ። ይግባኝም ቁራጩን አፉ ውስጥ እንደያዘ ቀረ።

ደግነቱ ጥርሱ ገላዋን አልነካም። የአቶ ዓባይነህ ባለቤት ወይዘሮ ወለተሰንበት ዲንቄን ወደ ጓዳ አስገብተው እግሯን ከላይ እስከ ታች አገላብጠው አዩ፤ ጭረት እንኳ የለም። ቢሆንም ግቢው ውስጥ ያሉት አራት አባወራዎች በሙሉ ወጥተው ነበርና ነገሩ በቀሚስ ብቻ የሚያበቃ አልሆነም። መጀመሪያ አፉን የከፈተው፣ እንደ ልማዱ፣ የሚኒባስ ሾፌሩ በዕውቀቱ ነው።

"ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ ጋሽ ዓባይነህ። ዛሬ ቀሚስ ነው፣ ነገ የልጅ እጅ ነው። መድኃኒቱን እኔ አመጣለሁ፤ በዳቦ አድርገን አንድ ጊዜ ብንሰጠው አለቀ።"

"ቀጠሮ ስጡኝ፣" አሉ አቶ ዓባይነህ።

"የምን ቀጠሮ?"

"ሳይሰማ አይፈረድበትም።"

"ኧረ ጋሼ፣ ውሻ ነው እኮ!"

"ውሻም ቢሆን።"

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል ሲያወጡና ሲመልሱ የኖሩ ሰው ሌላ ምን ይላሉ? ከጡረታ ወዲህም ቢሆን ቋንቋው አልለቀቃቸውም። ለውሻው ስሙን ያወጡለትም እሳቸው ናቸው። የዛሬ ሁለት ዓመት ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ተከትሏቸው ሲመጣ ወይዘሮ ወለተሰንበት ሁለት ጊዜ አባረሩት፤ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። በሦስተኛው አቶ ዓባይነህ "ይግባኝ ብሏል፣ ይታይለት" ብለው ሳቁና ስሙ በዚያው ጸና።

በብዙ ክርክር ሁለት ሳምንት ተሰጣቸው። በሆሳዕና ዋዜማ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ዲንቄ ባልዲዋን ይዛ በውሻው አጠገብ ታልፋለች። ዝም ካላት ይኖራል። ካልሆነ የበዕውቀቱ ዳቦ ይመጣል። አቶ ዓባይነህ ራሳቸውን ነቅንቀው ተስማሙና ሳሙናው ፊታቸው ላይ እንደደረቀ ቤት ገብተው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ልጆቹ የየራሳቸውን ቤት ይዘው ከወጡ ወዲህ፣ ከውጭ ሲገቡ ተነሥቶ የሚቀበላቸው ፍጡር ይግባኝ ብቻ ነው። ይወዱታል። ይህን ግን ለሰው ተናግረው አያውቁም፤ ጡረተኛ ሽማግሌ ውሻ እወዳለሁ ቢል ምን ይባላል?

በማግስቱ የልብስ ሰፊ ጎረቤታቸውን ልጅ ሀዲያን ጠሯት። ሀዲያ የእንስሳት ሐኪም ናት፤ ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ትሠራለች። መጥታ ውሻውን ፊት ለፊት አላየችውም። ራቅ ብላ በጎኗ ቁጢጥ አለችና ዝም ብላ ጠበቀች። ይግባኝ ጮኸ፣ ደከመው፣ በመጨረሻ አንገቱን አስግጎ እጇን አሸተተ። ያን ጊዜ ቀስ ብላ የጎድን አጥንቱን በጣቶቿ ቆጠረች።

"ምን ይበላል?"

"እኛ የምንበላውን፣" አሉ ወይዘሮ ወለተሰንበት ፈጠን ብለው። "ከገበታችን ለይተነው አናውቅም።"

"አሁን ምን እየበላችሁ ነው?"

"ሁዳዴ አይደል እንዴ ልጄ? ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን።"

"በስንት ሰዓት?"

"ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ቅዳሴ ሲወጣ ነዋ።"

"እሱም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይቆያል?"

"ቤቱ ሁሉ ሲጾም እሱ ብቻውን ሊበላ ነው?" ወይዘሮ ወለተሰንበት ኮራ አሉ። "የክርስቲያን ቤት ውሻ ነው።"

ሀዲያ አልሳቀችም። አጥንቱ ላይ ያለውን እጇን እንኳ አላነሣችም።

"እትዬ ወለተሰንበት፣ እሱ እኮ አልጾመም። ተርቦ ነው። የሚጾም ሰው ፋሲካ እንደሚመጣ ያውቃል። ለእሱ ማን ነገረው?"

አቶ ዓባይነህ ነገሩ ድንገት ገባቸው። አምና ግቢው በር አልነበረውም፤ በጾሙ ይግባኝ እየወጣ ከየመንደሩ የሚለቃቅመውን ለቃቅሞ ይመለስ ነበር። ዘንድሮ አራቱ አባወራዎች ተዋጥተው የብረት በር አስገጠሙ፣ ሰንሰለትም ተገዛ። በሩ ሲዘጋ የውሻው ሆድም አብሮ ተዘጋ። ወር አልፎት ይህንን አለማየታቸው አሳፈራቸው።

"ክትባቱስ?" ስትል ሀዲያ ጠየቀች።

አቶ ዓባይነህ ይህን ጥያቄ ሲጠብቁ ቆይተዋል። ገብተው አረንጓዴ ፋይል ይዘው ወጡ፤ ላዩ ላይ "ይግባኝ" ተብሎ በቀይ ብዕር ተጽፎበታል። ውስጡ የአምናው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወረቀት፣ በወረቀት መብሻ ተበስቶ፣ በክር ታስሮ ተቀምጧል።

"ጎበዝ! በየዓመቱ ይደገማል፤ ዛሬ እወጋዋለሁ፣ የሆድ ትል መድኃኒትም እሰጠዋለሁ።" ቀጠለች፣ እየተራመደች። "በቀን ሁለቴ ይብላ፤ ጠዋትና አመሻሽ፣ ሰዓቱ ሳይዛባ። ሥጋ ወይም ጉበት ከሩዝ ጋር ይቀቀልለት። ጥሬውን እንዳትሰጡት። ሽንኩርትና በርበሬ አይግባበት፣ ሽንኩርት መርዙ ነው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ይሰነጠቅና አንጀቱን ይወጋዋል። ውኃ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ይኑረው።" ከዚያ የውሻውን ሳህን አየች። "ይህን እዚህ ማን አስቀመጠው?"

ሳህኑ በሩ ሥር፣ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት ላይ ነበር።

"የዚያን ቀን ጠዋት በባልዲው ገፍቼዋለሁ መሰለኝ፣" አለች ዲንቄ ከክፍሏ ደጃፍ ላይ ሆና። "ቸኩዬ ነበር። ሥራ ረፍዶብኝ።"

"አየሽ፣ ያለችውን ትንሽ ነገር ልትወስጂበት መሰለው። ሳህኑ ከነሰንሰለቱ ወደ ኋላ ግድግዳ ይሂድ። ሰንሰለቱም ይርዘም። ጠዋት ጠዋት በገመድ ይዘውት ወጣ ይበሉ፣ ጋሼ፤ ቀኑን ሙሉ ታስሮ የሚውል ውሻ ጉልበቱን በሰው ላይ ነው የሚያወጣው። አንቺ ደግሞ ማታ ማታ በእጅሽ ቁራጭ ወርውሪለት። ሲጮኽ አትስጪው። ዝም ሲል፣ ቁጭ ሲል ስጪው። የሚመታው ሰው ግን እንዳይኖር።"

"እኔ?" አለች ዲንቄ። "ቀሚሴን ቀዶ፣ እኔው ላጉርሰው?"

"አዎ፣ አንቺው።"

ሀዲያ ለመስገድ ልትታጠብ ሄደች። አቶ ዓባይነህና ባለቤታቸው ዋናው ነገር ላይ የተያያዙት ከዚያ በኋላ ነው።

"ሥጋ? በእኔ ድስት? በሁዳዴ?"

"በጣሳ እንቀቅለዋለን።"

"ሽታውስ? እኔ ዳዊት ስደግም የጉበት ሽታ ይግባብኝ?"

በመጨረሻ የወተት ዱቄት ጣሳ ተገኘ፤ የከሰል ምድጃውም ከሽንት ቤቱ ጀርባ ሄደ። ወይዘሮ ወለተሰንበት በዚያ በኩል ላለማለፍ ግቢውን ዞረው ይሄዱ ጀመር።

ሥጋው ከየት ይምጣ የሚለው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። የሚያውቋቸው ሥጋ ቤቶች በሙሉ ጾሙ እስኪፈታ ዘግተዋል። የሚሠራው ወደ ተክለ ሃይማኖት በኩል ያለው የአብዱልመናን ሥጋ ቤት ነው። አቶ ዓባይነህ በሕይወታቸው የሙስሊም ሥጋ ቤት ገብተው አያውቁም፤ በሩ ላይ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ቅንጥብጣቢ አለ? ለውሻ ነው።"

"በሁዳዴ የሚመጣ ክርስቲያን ሁሉ ለውሻ ነው የሚለኝ፣" አለ አብዱልመናን ቢላዋውን እየሳለ። ወዲያው የሰውየው ፊት ሲቀላ አይቶ አዘነና ጥቁር ፌስታሉን ሞላላቸው። "ይቅርታ አባቴ። ጉበትም ጨምሬበታለሁ።"

እንደ ወጡ ከማን ጋር ቢጋጠሙ ጥሩ ነው? ከገብረጊዮርጊስ ጋር! የጽዋ ማኅበራቸው መሪ፣ ሙሴው፣ አፋቸው እንደ ደወል የሆነው ገብረጊዮርጊስ። ሰላምታ ተለዋወጡ። ሁለቱም ፌስታሉን አዩት፤ ከሥሩ ደም ጠብ ይላል።

"ለውሻ ነው፣" አሉ አቶ ዓባይነህ።

"እንዴታ! ለውሻ ነው እንጂ፣" አሉ ገብረጊዮርጊስ፣ ፈገግ ብለው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አቶ ዓባይነህ ፌስታሉን በኮታቸው ውስጥ ሸጉጠው፣ በጓሮ መንገድ፣ እንደ ሌባ ይመላለሱ ጀመር። ስድሳ አራት ዓመት ጾመው በመጨረሻ በውሻ ምክንያት ስማቸው ሊጠፋ ነው።

ይግባኝ ግን ሰው ሆነ ማለት ይቻላል። በሦስተኛው ቀን ሳህኑን ሲያይ መዝለሉን ተወ። በአምስተኛው ዲንቄ ከሩቅ የወረወረችለትን ጉበት በልቶ ጅራቱን አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ወዘወዘ። ጠዋት ጠዋት አቶ ዓባይነህ በገመድ ይዘውት ሲወጡ የታክሲ ረዳቶች "አባት፣ ማን ነው ማንን የያዘው?" እያሉ ይቀልዱባቸዋል። መጀመሪያ እውነታቸውን ነበር። ሲጎትት ዝም ብለው መቆምን፣ ገመዱ ሲላላ ደግሞ መራመድን ከሀዲያ ተማሩ፤ ከሳምንት በኋላ ውሻው በጎናቸው መሄድ ለመደ።

በስምንተኛው ቀን ግን በዕውቀቱ "እስቲ ልፈትነው" ብሎ ውሻው ፊት ቆሞ እግሩን በኃይል መሬት ላይ ቢመታ፣ ይግባኝ ሰንሰለቱ እስኪንጣጣ ዘለለበት። አቶ ዓባይነህ ያን ቀን እራት አልቀመሱም። ሀዲያ በስልክ "በእሱ ቦታ ብሆን እኔም እዘል ነበር፣ ጋሼ። ነገ ከጀመሩበት ይቀጥሉ" አለቻቸው። ቀጠሉ።

ቅዳሜ ደረሰ። ግቢው በሙሉ ወጥቷል። ዲንቄ የተሰፋውን ቀሚሷን ለብሳ፣ ባልዲዋን ይዛ ከክፍሏ ወጣች። አቶ ዓባይነህ ገመዱን አልያዙም፤ ሀዲያ እንዳይዙ ነግራቸዋለች። ዲንቄ አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ ሄደች። ይግባኝ ተነሣ። አንድ ሰው ትንፋሹን ሲስብ ተሰማ። ውሻው ወደ እሷ አየ፣ ከዚያ ቁጭ አለ፣ አፉንም ከፍቶ ጠበቀ።

"ኧረ! ጉርሻውን ነው የሚጠብቀው!" ዲንቄ ሳቀች። ከመቀነቷ ውስጥ ቁራጭ ጉበት አውጥታ፣ ሳትወረውር፣ በእጇ ሰጠችው።

አቶ ዓባይነህ መሃረባቸውን አውጥተው አፍንጫቸውን ጠረጉ፤ ዓይናቸውን መጥረግ ስላፈሩ።

"እሺ፣ ተረትቻለሁ፣" አለ በዕውቀቱ። "ዳቦውን ራሴ እበላዋለሁ፤ ያለ መድኃኒቱ።"

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ወለተሰንበት ከልደታ ቤተ ክርስቲያን የተመለሱት ፊታቸው ተኮሳትሮ ነው። ነጠላቸውን ሳያወልቁ ደጃፉ ላይ ካለው ዱካ ላይ ተቀመጡ።

"የገብረጊዮርጊስ ሚስት ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? 'አቶ ዓባይነህ ታመው ነው አሉ፤ ሐኪም ሥጋ አዞላቸው ነው?' አለችኝ። በሴቶቹ ሁሉ ፊት።"

አቶ ዓባይነህ አንገታቸውን ደፉ። "ለውሻ ነው አላልሻትም?"

"አልኳት። ሳቁ።"

"ከነገ ወዲያ ሕማማት ይገባል፣" አሉ አቶ ዓባይነህ። "በሕማማት ፌስታል ሸጉጬ አልዞርም። ውሻውም ተርፏል። እስከ ፋሲካ በሩዝ ይቆይ፤ አንድ ሳምንት ምን ይሆናል?"

ይግባኝ ስሙ የተጠራ ይመስል ከግድግዳው ሥር ተነሥቶ መጣ። ሰንሰለቱ ረዝሟልና እስከ ዱካው ደረሰ። ሁለት ጊዜ ያባረሩትን ሴትዮ እግር አሸተተና አጠገባቸው ተኛ። ወይዘሮ ወለተሰንበት እግራቸውን አልሰበሰቡም። ቁልቁል ጎኑን ሲያዩት ቆዩ፤ አጥንቶቹ እንደ በፊቱ አይቆጠሩም።

"አንድ ሳምንት መሆኑን አንተ ነህ የምታውቀው፣" አሉ። "እሱ አያውቅም።"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"አንተ ቅር። ሰኞ እኔ እሄዳለሁ።"

"አንቺ? አብዱልመናን ቤት? በሕማማት?"

"አዎ፣ እኔ! ወለተሰንበት ጾም ገደፈች የሚል ሰው በልደታ ምድር ገና አልተወለደም።" ተነሥተው ከምስማሩ ላይ የተሰቀለውን ጥቁር ፌስታል አወረዱና ጨብጠው ወደ ቆሻሻው ጣሉት። ከጓዳ ሌላ ይዘው ተመለሱ፤ ነጭ ነው፣ ውስጡን ያሳያል።

"ይኸ ይበቃል?" ሲሉ ጠየቁ፣ ሁለቱን እጀታዎች ዘርግተው እየለኩ።