የጽጌማርያም ምስክሮች

ጽጌማርያም ቆሼ፣ የከተማው ቆሻሻ ክምር ላይ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፕላስቲክ ለቅማለች። ኮልፌ ውስጥ ግን ይህን የሚያውቅ ጎረቤት አልነበራትም። ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቦርሳዋን አንግታ ስትወጣ ያያት ሁሉ ክሊኒክ ለጽዳት የምትሄድ ይመስለዋል። ልብሷን ከቆሼ አጠገብ ረጲ ካለች አንዲት መበለት ቤት ትቀይራለች፤ ማታ በሎሚ ታሽታ ታጥባ ትመለሳለች። ልጇን ቤተልሄምን የዳረችው የክሊኒክ ሠራተኛ ልጅ አስብላ ነው። እድሩም ዕቃ ቤቱን ያስረከባት የክሊኒክ ሠራተኛ ብሎ ነው።

ዘንድሮ ልማት መጣ። ክምሩ ሊታጠር ሆነ፤ ከአጥሩ ውጭ የፕላስቲክ መለያ ሼድ ተሠራ። ቆሼ ላይ አምስት ዓመት የለቀመ በሼዱ ይታቀፋል፣ ሌላው በአጥሩ አያልፍም ተባለ። መታወቂያና ሦስት ምስክር ያስፈልጋል። ምስክሩ የሰፈር ሰው ይሁን፤ ለቃሚ ለለቃሚ አይመሰክርም።

ሁለት ቀን አሰበች። ሦስተኛው ቀን ምዝገባው የሚዘጋበት ነበር። የእድሩን ዳኛ አቶ ኃይለ መስቀልን፣ የግድግዳ ጎረቤቷን ኮከብንና ባለሱቁን ብሩኬን ይዛ ወረዳ ሄደች። «የሥራ ማስረጃ ነው፣ ፈርሙልኝ» ከማለት በቀር አፏ አልታዘዘላትም። እዚያ ሲደርሱ ይገባቸዋል፣ አይተው ዝም ብለው ይፈርማሉ አለች በልቧ።

መዝጋቢዋ ልጅ ቅጹን አነበበች። «ወይዘሮ ጽጌማርያም ቆሼ ላይ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ መልቀማቸውን ያውቃሉ?»

«ማን ናት የለቀመችው?» አሉ ኃይለ መስቀል።

«እሳቸው ናቸው፣ አባባ።»

«ወረቀት ተቀያይሮብሻል፣ ልጄ። ይቺ የክሊኒክ ሠራተኛ ናት። ቆሼ ረግጣም አታውቅ።»

«በኢየሱስ ስም!» አለች ኮከብ። «የማን ምላስ ነው ስሟን ያጠፋው?»

ጽጌማርያም መሬት መሬቱን እያየች ተናገረች። «ጋሼ፣ እውነት ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ለቅሜያለሁ።»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ። አልተቆጡም፤ አዘኑላት። ያ ባሰባት።

«ጽጌ፣ ኑሮ እንደከበደሽ አውቃለሁ። ቢርብሽ ከእንጀራዬ እቆርስልሻለሁ። ለሼድ ብለሽ ራስሽን አታዋርጂ። እኔ በሐሰት አልመሰክርም።»

«እጄን ይዩት እስቲ!» መዳፏን ዘረጋች። ጠርሙስ የተወው ጠባሳ ከዳር ዳር ይሄዳል።

«የበረኪና ነው» አለች ኮከብ እጇን እያሻሸችላት። «ጽዳት እጅ ይጨርሳል፣ እኔ አላውቅም?»

ብሩኬ ጠረጴዛው ላይ ያለውን እስክሪብቶ አነሳ። «እኔ ልፈርም፣ ምን ቸገረኝ?»

መዝጋቢዋ መዝገቡን ገለጠች። «እርስዎ ትናንት ለሁለት የእህትዎ ልጆች ፈርመዋል። ከሁለት በላይ አይቻልም።»

«እነዚያ ልጆች ፑል ቤት ውለው የሚያድሩ አይደሉም እንዴ?» አለች ኮከብ።

«ተደራጅተዋል» አለ ብሩኬ።

ጽጌማርያም የኃይለ መስቀልን እጅ ያዘች። «ጋሼ፣ ረጲ አብረን እንውረድ። የማያውቀኝ የለም፤ ይጠይቁ።»

«በዚህ ዕድሜዬ፣ የእድር ዳኛ፣ ከለቃሚ ወሬ ልጠይቅ?» እጃቸውን ቀስ ብለው አስለቀቁ።

መዝጋቢዋ ቅጹ ላይ «ምስክር አልተሟላም» ብላ ጻፈች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምዝገባው ተዘጋ።

አጥሩ እስኪያልቅ ሦስት ሳምንት ቀርቷል። ሰኞ ረፋድ ላይ ጽጌማርያም የሥራ ልብሷን እቤቷ ለብሳ፣ ባዶ ማዳበሪያ ትከሻዋ ላይ ጥላ በመንደሩ መሐል ወጣች። የሚደበቅ ነገር አልቀራትም።

ኮከብ በሯ ላይ ቆማ አፏን ያዘች። «ጉድ! ሼዱ ቢቀርባት ጊዜ ቆሼ ወረደች። ንዴት ሰውን እንዲህ ያደርገዋል?»

ኃይለ መስቀል ከወደ ቤተ ክርስቲያን እየተመለሱ ነበር። ቆመው እስክታልፍ ጠበቋት።

«ጽጌ፣ አሁን በዓይኔ አየሁሽ» አሉ። «እንግዲህ ከጠየቁኝ እመሰክራለሁ። ግን ከዛሬ ጀምሮ ነው የምለው።»