የጠባቡ ክፍል ፍርድ

የሥነ ልቦና ትምህርት ክፍል በሳይንስ ሕንፃው ምድር ቤት ሁለት ክፍሎች ነበሩት። አንዱ ሰፊና ባለ ብዙ መስኮት ነው፤ ሌላው ቀድሞ የመጥረጊያና የባልዲ ማስቀመጫ ነበር፣ ሁለት ወንበር ከገባበት ለሦስተኛ ሰው መቆሚያ አይተርፍም። በሚመጣው ሐሙስ የመምህራኑ ጉባኤ ትምህርት ክፍሉ በሳይንስ ፋኩልቲ ሥር ይቆይ ወይስ ይውጣ በሚለው ላይ ሊወስን ቀጠሮ ተይዟል። ይውጣ ከተባለ ክፍሎቹ ለኬሚስትሪ ዕቃ ይሰጣሉ፤ ሙከራው ይቆማል፤ ለሙከራው የተቀጠረችው ረዳትም ትሰናበታለች።

ጉዳዩን ለጉባኤው ያቀረቡት ኬሚስት የዚችው ረዳት አጎት ናቸው። ከልጅነቷ ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ሲሆኑ፣ ከክፍሏ አንደኛ ወጥታ ስትመረቅም ከሁሉ በላይ ያጨበጨቡት እሳቸው ነበሩ። መሳለቃቸውን ግን አልተዉም። በእራት ገበታ ላይ ሐዘን በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ ይጠይቋታል፤ መልስ ስታሰናዳ ደግሞ የእሳቸው ጨው አኩርፎ እንደማያውቅ ይነግሯታል። ከቀልዱ ሥር ቁም ነገር ነበረው፤ ማንም ሰው በማንኛውም ቀን ሲደግመው ያው የሚሆን ነገር ካላሳያችሁ ሳይንስ አትበሉት ማለታቸው ነው። በዚህ እሷም ትስማማለች። የምትከራከረው ማሳየት እንችላለን ብላ ነው።

ለጉባኤው ማሳያ የተመረጠው ረዳቷ የምትሠራላቸው መምህርት ሙከራ ነበር። መምህርቷ ለጡረታ የተቃረቡ ሴት ናቸው፤ ስማቸው የቆመውም በዚህ ሙከራ ላይ ነው። ለአንድ ሰው ከጎረቤቱ ቤት ሬዲዮ የሰረቀ ሌባ ታሪክ ይነበብለታል፤ ከዚያም ሌባው ምን ያህል ይታሰር ተብሎ ይጠየቃል። ታሪኩን በጠባቡ ክፍል የሰማ ሰው በሰፊው ከሰማው ይልቅ ፍርዱን ያከብዳል። ለዓመታት ሲደጋገም ውጤቱ ያው ነበር። አንባቢዋም ሁልጊዜ ራሳቸው መምህርቷ ነበሩ። ለሙከራ የመጣ ሰው እንግዳ ነው፣ እንግዳን ጠርቶ በማሽን ማናገር ነውር ነው ይላሉ። በር ድረስ ወጥተው ይቀበሉታል፣ ወንበር ይስቡለታል፣ ሲሄድም ይሸኙታል።

ከጉባኤው በፊት በነበረው ሳምንት መምህርቷን ጉንፋን ይዟቸው ድምፃቸው ተዘጋ። የተጠሩት ተማሪዎች ግን መምጣታቸው አልቀረም። ረዳቷ መላ ስታጣ፣ መምህርቷ ቀደም ሲል በሰፊው ክፍል ሲያነቡ የተቀዳውን ድምፅ በሁለቱም ክፍሎች አሰማች። በጠባቡ ክፍል የተቀመጡት በሰፊው እንደተቀመጡት ሁሉ ርኅሩኆች ሆኑ። መጀመሪያ ማጫወቻውን ጠረጠረች፤ ቀጥላ ተማሪዎቹን። ሌሎች ተማሪዎች ጠርታ ደገመችው፤ ልዩነቱ አልተመለሰም።

የቀራት የቆዩትን ቅጂዎች ማዳመጥ ነበር። በሰፊው ክፍል የመምህርቷ ድምፅ ዘና ይላል፣ በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ያርፋል። በጠባቡ ክፍል ይቸኩላል፣ ይደርቃል፤ «ሰረቀ» የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ እንደ መዶሻ ይመታል። በዚያ ክፍል የሚጨነቁት አንባቢዋ ነበሩ፤ ሰሚው ፍርዱን ያከበደው የእሳቸውን ድምፅ ተከትሎ ነው።

ረቡዕ ዕለት የመምህርቷ ድምፅ ተመለሰ። በማግስቱ እሳቸው ካነበቡ ሙከራው እንደወትሮው ይሠራል፣ ጉባኤውም በዓይኑ ያያል። ምክንያቱን የምታውቀው ረዳቷ ብቻ ነበረች። ሁለቱን ቅጂዎች ይዛ ወደ ቢሮአቸው ገባች።

መምህርቷ ደጋግመው አዳመጡ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ይቺ ሴትዮ ሌባውን ትጠላዋለች» አሉ።

ረዳቷ ማጫወቻውን አጠፋች።

«ነገ ባነብስ?»

«እናሸንፋለን፣ መምህር።»

«ታዲያ ይህን ለምን አመጣሽብኝ?»

«የምናሸንፈው በምን እንደሆነ ስለማላውቅ ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ ክፍሎቹ ከሄዱ አንቺም አብረሽ እንደምትሄጂ ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል።»

መምህርቷ መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁና የጠባቡን ክፍል ቅጂ እንደገና እንድታሰማቸው ጠየቁ።

ሐሙስ ዕለት መምህርቷ ሙከራውን በሁለቱም መንገድ አሳዩ። ራሳቸው ሲያነቡ ልዩነቱ ታየ፤ በቅጂው ሲሆን ጠፋ። ከዚያ በኋላ ምክንያቱን፣ ስሕተቱም የራሳቸው መሆኑን፣ ድምፃቸው ሳይሰበር አስረዱ። ከወደ ኋላ አንድ ሰው «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ሲል ጥቂቶች ሳቁ። ኬሚስቱ አልሳቁም። ይህን ሁሉ ዓመት ሲለኩ የኖሩት ታዲያ ምን እንደነበር ጠየቁ።

«ድምፄን» አሉ መምህርቷ። «ሳላውቀው።»

ጉባኤው ትምህርት ክፍሉ ይውጣ ብሎ በአብላጫ ድምፅ ወሰነ። ኬሚስቱም እጃቸውን ካወጡት መካከል ነበሩ። የዚያን ዕለት እራት ያለቀልድ ተበላ።

በማግስቱ ረዳቷ በጠባቡ ክፍል ገመዶች እየጠቀለለች ሳለ አጎቷ በሩ ላይ ቆሙ። ሌሊቱን ሲያወጡ ሲያወርዱ ያደሩት ነገር አለ፤ ምናልባት ድምፁን የለወጠው ጭንቀት ሳይሆን ግድግዳ ነው። ጠባብ ግድግዳ ድምፅን ቶሎ ይመልሳል፣ አንባቢውም የራሱን ድምፅ እየሰማ ይቸኩላል፤ ይህ ደግሞ ከልብ ጋር ምንም ጉዳይ የለውም። እሷም ግድግዳውን ምንጣፍ አልብሶ፣ ሌላ አንባቢ አምጥቶ መለየት እንደሚቻል፣ ጊዜ ግን እንደሌለ ነገረቻቸው።

«የኬሚስትሪው መደርደሪያ እስከ ወሩ መጨረሻ እዚህ አይገባም፣ ተናግሬአለሁ» አሉ። «ደግሞ ሐሳቤን የለወጥኩ እንዳይመስልሽ። ሳይንስ ነው አላልኩም።»

«እኔም በሉ አላልኩም፣ አጎቴ። ይቀመጡና ያንብቡ።»

«የእኔ ድምፅ አይለወጥም።»

«ካልተለወጠም እንጽፈዋለን።»

ወረቀቱን ተቀብለው ተቀመጡ፤ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። ረዳቷ መቅረጫውን ከፈተች። ማንበብ ሲጀምሩ ፊቷን አይተው እንዳይመሩበት ወደ ግድግዳው ዞረች።