ፊት ያልወጣለት ፈረሰኛ

ይኸነው የዳንግላ ጋሪ ነጂ ነው፤ በሰው የማይቀና፣ ካገኘው ሁሉ ጋር የሚሳሳቅ። ይህ ግን መሳፍንት የሚባለው የአዘና ዘፋኝ ቤቱ ሳይገባ በፊት ነው። መሳፍንት በእግሩ አልመጣም፤ በሚስቱ በእንቁ ስልክ ነው የመጣው።

እንቁ ፎቶ ቤት ትሠራለች። የመሳፍንትን አንድ ዘፈን ከልቧ ስለምትወደው አኒሜሽን ልትሠራለት ተነሳች። ከጨርቅ፣ ከከሰል፣ ከጭድና ከፎቶ ቁራጭ ምስል ታበጃለች፤ ጠረጴዛ ላይ ትደረድርና ጥፍር ታህል እያስጠጋች በስልኳ ፎቶ ታነሳዋለች። ምስሉን አንድ እርምጃ ለማስኬድ ግማሽ ቀን ይፈጅባታል። ለዚያ ዘፈን ያላት ትዕግሥት ለባሏ ወጥ እንኳ የላትም እያለ ይኸነው አንጀቱ አረረ። ለምስሉ ፈረስ ጭራ የሚሆነውን ፀጉር ከራሱ ፈረስ ቆርጦ ያመጣላት ደግሞ እሱው ነው፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር።

ከምስሎቹ ሁሉ ያንገበገበው ፈረሰኛው ነው። ቀይ ግላስ፣ ያጌጠ የኮርቻ ልብስ፣ በለበሰ ፈረስ ላይ ተቀምጦ፣ ደረቱ ላይ ቁልፍ ተሰፍቶለት፣ ነጠላ ለብሳ ቆማ ወደምትጠብቀው ሴት በየቀኑ ይጠጋል። ሴቲቱ እንቁ ራሷ ናት፤ ፎቶዋን ቆርጣ ለጥፋለች። ፈረሰኛው ግን ገና ፊት አልወጣለትም። ይኸነው ማንነቱን ለማወቅ ፊት አላስፈለገውም። የጋሪ ፈረስ ግላስ ለብሶ አያውቅም፤ እንዲህ የሚሸለመው ለጥር የፈረሰኞች በዓል የሚወጣው የባለጸጋ ፈረስ ነው። ታዲያ የሚጋልበው ከመሳፍንት ሌላ ማን ሊሆን ነው? ማነው ብሎ ቢጠይቃት ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ። ኩራት ያዘው።

ፈረሰኛው ከሴቲቱ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው፣ እንቁ ሥራ በሄደችበት ጠዋት፣ ይኸነው ከኮርቻው ላይ ነጥቆ የከሰል ምድጃው ውስጥ ጨመረው። ጨርቁ ቦግ ሲል ደስ አለው። ከሰነበተበት ንዴት ሁሉ የተገላገለ መሰለው።

ስትመለስ አይጥ ወስዶት ይሆናል አላት። እንቁ ቤቱን ፈተሸች፤ አመዱን ስትዝቅ የፈረሰኛውን ቁልፍ አገኘች። ከዚያ ስልኳን ከፍታ እስካሁን የሠራችውን አሳየችው። መሳፍንት ጥጉ ላይ፣ ከቀርከሃ ሥር፣ አውራ ጣት የምታህል ምስል ሆኖ ማሲንቆ ይመታል። ዘፈኑ፣ አሁን ገና ትዝ አለው፣ በሠርጋቸው ዕለት ሲጨፈርበት የዋለው ነው። ፈረሱም ግንባሩ ላይ በንዴት ያላስተዋለው ነጭ ምልክት አለው፤ የይኸነው ፈረስ ነው።

«ግላሱን እኔ ነኝ ያለበስኩት፤ አንድ ቀን እንኳ ያምርበት ብዬ» አለችው። «የፈረሰኛው ጨርቅ የሠርግህ ሸሚዝ ነበር፤ ሌላ ቁራጭ አልተረፈኝም። ፊትህን ዛሬ ነው አትሜ ያመጣሁት።»

ጥፍር የምታህለውን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። ይኸነው እንደገና እንሥራው፣ የለበስኩትንም ሸሚዝ ቅደጂው አላት። እንቁ የጠቆረችውን ቁልፍ ባዶው ኮርቻ ላይ አስቀመጠች፤ ፈረሱን ጥቂት ወደ ሴቲቱ አስጠጋችና በስልኳ ፎቶ አነሳችው።