ሪባን የታሰረበት በር

አቶ ሞላ በር ገዙ ሲባል ቆቦ ውስጥ ያልሰማ የለም። ሰው መኪና ይገዛል፣ ልጅ ይድራል፤ የኛ አሠሪ በር ገዝተው እንኳን ደስ ያለዎት ተባሉ። በሩ የእሳት በር ነው። እኛ የምንሠራው ፍራሽ ነው፤ ስፖንጅ ቆርጠን በማስቲሽ አጣብቀን ጨርቅ እናለብሰዋለን። ስፖንጅና ማስቲሽ ባንድ ቤት ማለት ክብሪት ብቻ የጎደለው ደመራ ነው።

ተቆጣጣሪ መጥቶ ይህን አየና፣ በጓሮ በኩል የእሳት በር ካልገጠማችሁ አሽገዋለሁ አለ። እውነቱን ነው። ማስቲሽ የሚቀባው የኋላው ክፍል ውስጥ ነው፤ ታናሽ እህቴ ትርሲት እዚያ ትቀባለች፣ እኔ እዚያው ጥግ ላይ ጨርቅ እሰፋለሁ። እሳት ቢነሳ ወደ ፊት ለመውጣት በማስቲሹ በርሜል አጠገብ ማለፍ ግድ ነው። ትርሲት ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት። ስለዚህ በሩ የተገጠመ ቀን እልል ብያለሁ። ቀይ ነው፣ ወፍራም ብረት፤ ከውስጥ ገፋ ሲያደርጉት ወለል ብሎ ወደ ማሽላው ማሳ ያስወጣል። በምንም ምክንያት አይቆለፍ የሚል ጽሑፍም አለበት።

እልልታዬ አፌ ላይ ሳይደርቅ አቶ ሞላ ጓጉንቸር ይዘው መጡ። በሩ አልተመረቀም አሉ። እኛ አገር መቼም የማይመረቅ ነገር የለም፤ ሽንት ቤት እንኳ ሪባን ሲቆረጥለት በዓይኔ አይቻለሁ። ከዞን የክብር እንግዳ ይመጣሉ፣ እስከዚያ በሩን ማንም አይነካውም ተባለ። ፕላስቲኩ እንኳ አልተላጠም። አይቆለፍ ከሚለው ጽሑፍ ሥር ጓጉንቸሩን አንጠለጠሉ፣ ከላዩ ሪባን አሰሩ፣ ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱት።

እንግዳው ግን ሰው አይደሉም፣ ስብሰባ ናቸው። ዛሬ ስብሰባ፣ ነገ ሥልጠና ሲባል ጾሙ ገባ። ሥጋ የሌለበት ምርቃት ምን ምርቃት ነው ተብሎ ወደ ፋሲካ ተላለፈ። የትርሲት ሆድ ገፋ፣ በሩ እንደታሰረ ነው።

አንድ ቀን፣ ጋሼ፣ ቁልፉ እንኳ በሩ አጠገብ ምስማር ላይ ይሰቀል አልኳቸው። ስፖንጅ ልታሸሹ ነው ብለው ሳቁብኝ። እህቴ እዚህ ናት፣ እሳት ቢነሳስ ብላቸው፣ እሳቱ ቀጠሮ አልያዘም፣ እንግዳው ግን ይዘዋል አሉኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ከዚያን ቀን ጀምሮ የፌሮ ቁራጭ ከስፌት መኪናዬ ሥር አስቀመጥኩ።

በጾሙ አጋማሽ፣ ከምሳ በኋላ፣ አንድ የተላጠ የመብራት ገመድ ብልጭ አለና ማስቲሹ ተያያዘ። ጥቁር ጭስ ክፍሉን ሞላው። ትርሲት ሆዷን ይዛ «እታለም» ብቻ አለችኝ። ፌሮውን በጓጉንቸሩ ቀለበት አስገብቼ ጠመዘዝኩት፤ እምቢ አለ። ደግሜ ጠመዘዝኩት፤ እምቢ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። በሦስተኛው ተሰበረ። ሁለታችንም ወጥተን ማሳው ውስጥ ወደቅን፤ ሪባኑ ክንዴ ላይ ተጠምጥሞ አብሮኝ ወጣ።

እሳቱን ጎረቤት በአፈርና በውኃ አጠፋው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፣ አቶ ሞላ ያኔ ደረሱ። እህቴ ታስታውካለች፣ እኔ ዓይኔ አያይም።

«ሪባኑን ማነው የቆረጠው?» አሉ። ማርያምን፣ ሌላ ነገር አልጠየቁም።

ከዚያማ ጥላሸቱ ተፋቀ፣ ግድግዳው ቀለም ተቀባ፣ አዲስ ሪባን ታሰረ፤ ጓጉንቸሩም ከቀድሞው የወፈረ መጣ። ትርሲት ካልሠራች የሚያበላት የለምና ተመልሳ እዚያው ተቀመጠች። እሷን ከነሆዷ፣ ጓጉንቸሩን ከነሪባኑ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። እኔን አላባረሩኝም፤ ሪባን ማክበር እንድማር፣ የመቀሱን ትሪ አንቺ ትይዣለሽ አሉኝ።

ፋሲካ አለፈ፣ በግ ታረደ፣ እንግዳው መጡ። በሩ ከውጭ እጀታ ስለሌለው ምርቃቱ እኛው ክፍል ውስጥ ሆነ። ሱፍ የለበሰው ሁሉ በማስቲሹ ሽታ አፍንጫውን እየያዘ ተጨናነቀ። እንግዳው ስለ ሠራተኛ ደኅንነት ረጅም ንግግር አደረጉ። ሪባኑን ቆረጡ፣ አጨበጨብን። በሩን ገፉት፤ ንቅንቅ አላለም። አቶ ሞላ ኪሳቸውን ፈተሹ፣ ደግመው ፈተሹ። ቁልፉ ሌላኛው ሱሪያቸው ውስጥ ቀርቷል። እንግዳው ዞረው መውጫ ፈለጉ፤ ከኋላቸው ያለው በርሜሉና ሕዝቡ ነው። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ።

ትሪው ላይ ያለውን ጨርቅ ገለጥኩት። ፌሮዬ ከሥሩ ነበር።

«ጌታዬ፣ መቀሱ ለሪባኑ ነው፤ ለበሩ ይሄ ነው» አልኳቸው። «እኔ ስሰብረው ቤቱ ይነድ ነበር። እርስዎ ተረጋግተው ይስበሩት።»

ከኋላ ትርሲት ሳቀች። እንግዳው ኮታቸውን አውልቀው ፌሮውን ያዙ። ጓጉንቸሩ እምቢ አላቸው፤ ደገሙት፣ እምቢ አለ። ፎቶ አንሺው ያነሳል። በመጨረሻ ተሰብሮ በሩ ወለል ሲል ላብ በላብ ሆነዋል።

«ይህን ጓጉንቸር ማነው የሰቀለው?» ብለው ዞሩ።

አቶ ሞላ መሬት መሬቱን ያያሉ።

«አቶ ሞላ ናቸው» አልኩ፤ «እርስዎ እስኪመጡ ብለው።»